ያስቀረሁት ሁለተኛ ጥያቄ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኳቸውም። ለእሳቸው የነገርኳቸው ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በፈረንሳዮች ቤት ስሠራ በዐቢይ ጾም ቅቤ መቅመሴን፣ ጎረቤቴን መስደቤን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን ነው። ለእነዚያ ሰገድኩ፣ ጾምኩ፣ ተፈትቼም ወጣሁ። ይህኛውን ግን ምላሴ ሥር ይዤው ገባሁ፤ ምላሴ ሥር ይዤው ወጣሁ። እናንተን አላውቃችሁም፣ እናንተም አታውቁኝም። ስለዚህ ለእናንተ መናገር ይቀለኛል። ሙሉ ስሜን አልጽፍም። ጅቡቲ የሚኖሩ ያገሬ ሰዎች እትዬ የሺ ይሉኛል፤ ይህ ይበቃችኋል።

ገና ሳልጀምር ክፉ ሴት ናት እንድትሉኝ አልፈልግም። እኔንም ብዙ ሰው በድሎኛል። የሀራሙሷ ማዳም ልጆቿን በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌላት፣ ወደ አገሯ ስትመለስ ልጆቹ ስሜን እየጠሩ ሲያለቅሱ እሷ ከመኪናው መስኮት ብቅ ብላ ያለችኝ የጓሮውን በር ቁልፍ ለጠባቂው እንዳስረክብ ነው። በላይ የሚባል ሾፌር በድሎኛል። አስካለ የምትባል ሴት በድላኛለች። ይኸው፣ ገና ከመጀመሬ የሰው በደል መደርደር ያዝኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት እንዲህ ነው። የሰው በደል ሲነሳ ትውስታዬ አይስትም። የራሴ ሲመጣ ይደክመኛል።

አስካለን ወደዚህ ከተማ ያስገባኋት እኔ ነኝ። እንደ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ግን በብዙ ታንሰኛለች። ስትመጣ ከፈረንሳይኛ አንዲት ቃል አታውቅም ነበር። የመስታወት ጨርቅ የትኛው እንደሆነ፣ የወለሉ የትኛው እንደሆነ፣ በር ሳያንኳኩ እንደማይገባ፣ ማዳም ስትቆጣ አንገት ደፍቶ ዝም እንደሚባል ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከምሠራበት ቪላ ጎን ሥራ አስገባኋት። ዓርብ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀናችን፣ ይዣት እወጣ ነበር። የምንሄደውም ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ ዱዝ ወደሚባለው ቦታ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ወደብ እስኪገቡ ወረፋ የሚይዙበት፣ ያገራችን ሰዎች ምግብ ቤት የከፈቱበት ሰፈር።

በላይን ያገኘሁት እዚያ ነው። ከአስካለ መምጣት በፊት። ሲያየኝ ከመኪናው ጋቢና ሳይወርድ ይጮኽ ነበር።

«የሺ! ፈረንሳዮችሽ ዛሬ ምን በሉ? ቅጠል ነው ቀንድ አውጣ?»

«ቀንድ አውጣ» እለዋለሁ።

«ቀንድ አውጣ የሚበላ ሰው ደመወዝ ይከፍላል ብለሽ ነው? ነይ ሽሮ ልጋብዝሽ፣ ሰው ሁኚ!»

ሾፌሮቹ ሁሉ ይስቃሉ። ከመንገድ ብርቱካን ያመጣልኝ ነበር። እኔ በላይን እወደው ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ለእሱ ነግሬው አላውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። እንዲነግረኝ እጠብቅ ነበር። ልብሴን ለዓርብ ብዬ ሐሙስ እተኩስ ነበር። ከዚያ አስካለን ይዣት ሄድኩ፤ በገዛ እጄ። ዓመት አልሞላም፣ አገባት።

ነጠቀችኝ እል ነበር ለራሴ። ነጠቀችኝ፣ ነጠቀችኝ። ግን ምኔን ነው የነጠቀችኝ? በላይ አንድ ቀን እንኳ እወድሻለሁ ብሎኝ ነበር? ብርቱካኑንስ ለእኔ ብቻ ነበር ወይ የሚያመጣው? ለምግብ ቤቷ ባለቤት ይሰጥ ነበር፤ ለአስተናጋጇም ይሰጥ ነበር። አሁን ነው ትዝ ያለኝ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ያኔም አውቀው ነበር። አውቄው ነው የጠላኋት። የእሷ እናት ድሬዳዋ ስለነበረች በሠርጓ ቀን የሙሽራ እናት ሆኜ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ጉልበቴን ሳመችኝ፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ሳመኝ። እኩያዬ የሆነ ሰው ጉልበቴን ሳመ። ያን ቀን ፊቴ ላይ ያለውን ፈገግታ የያዝኩት በጥርሴ ነው። ከዚያ በኋላ ራቅኳቸው። መንገድ ላይ ሳያቸው ሌላ መንገድ እይዝ ነበር። በላይ በስትሮክ ወድቆ አንድ ጎኑ እንደማይታዘዝለት ስሰማ እንኳ ሄጄ አልጠየቅኩም። ለአንድ ኢትዮጵያዊት ይህ ብቻውን ምን ያህል በደል እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ግን የምናዘዘው ይህን አይደለም።

የሀራሙሷ ማዳም ከሄደች በኋላ ፈረንሳይኛዬን ሸጬ መኖር ጀመርኩ። ሰዎችን ሐኪም ቤት እየወሰድኩ አስተረጉም ነበር። ዶክተር ሆዳንን ያገኘኋት በዚያ ነው። ሶማሌ ናት፣ የዚሁ ከተማ ልጅ፤ ፈረንሳይ አገር ተምራ የተመለሰች። ኤዶ ትለኝ ነበር፤ በእነሱ ቋንቋ አክስት እንደ ማለት ነው። ጥናት ልትሠራ ነበር። ቤታቸው ውስጥ በሽተኛ ያለባቸው፣ አጠገባቸው ዘመድ የሌላቸው፣ ድህነትና በሽታ ተደራርቦ የያዛቸው ቤተሰቦች ምን ቢደረግላቸው ይቀላቸዋል የሚል ጥናት። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ጠያቂ ሴት ይመደብለታል። ይህቺ ሴት በየሳምንቱ እየመጣች ቁጭ ብላ ታዳምጣለች፣ ሐኪም ቤት አብራ ትሄዳለች፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ታነጋግራለች። ጠያቂዎቹ ግን ጥቂት ስለሆኑ ቅድሚያ የሚሰጠው መከራው ለበረታበት ቤት ነበር። ያንን ለመለየት ቤት ለቤት እየሄድን እንጠይቃለን። አማርኛ የሚናገሩት ቤቶች የእኔ ድርሻ ነበሩ።

መጀመሪያ በገባንበት ቤት አንድ ሳንባውን የታመመ ሰው ምንጣፍ ላይ እንደተኛ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነን» አለን። ዶክተሯ ጽፋ ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዝኳት። ይህ ሰላምታ ነው፣ ገና መልስ አልሰጠሽም አልኳት። እኛ እንግዳ ፊት አምላካችንን አናማም። ደግሞ እዚህ ከተማ መኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው እንዴት ነህ ላለው ሁሉ ደህና ነኝ ማለት ለምዷል። እስክሪብቶሽን አስቀምጪ፣ ውሃ ስጡኝ ብለሽ ጠጪ፣ ስለ ልጆቹ ተጫወቺ፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቂ አልኳት። አደረገችው። ሰውዬው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ ከዚያ ሁሉንም ነገረን።

ከዚያ ወዲህ ይህ በመካከላችን ደንብ ሆነ። የመጀመሪያው መልስ ሲሰጥ ዶክተሯ ወደ እኔ ትመለከታለች። ዝም ካልኩ እንደገና ትጠይቃለች። ራሴን ከነቀነቅኩ መልሱ የእውነት ነው፣ ጨርሰናል፣ እንነሳ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዝም እል ነበር። ዶክተሯ መኪና ውስጥ ትቀልድብኝ ነበር።

«ኤዶ፣ እርስዎ ባይኖሩ ጅቡቲ ውስጥ አንድም የታመመ ኢትዮጵያዊ የለም ብዬ እጽፍ ነበር።»

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ቀደም ብለን አንዳንድ ቤቶች ወደጠየቅንበት ዋራበሌ ወደሚባል የድሆች ሰፈር ሄድን። የሰፈሩ ሴቶች «የታመመ ሾፌር ያለበት ቤት አለ» ብለው መሩን። የማን ቤት እንደሆነ ያወቅኩት በሩ ላይ ስደርስ ነው። ልመለስ ነበር፤ ዶክተሯ ግን ቀድማኝ ገብታለች።

«እትዬ የሺ! ውይ፣ በሞትኩት!» አለች አስካለ። አቅፋኝ አለቀሰች። ከስታለች፤ እጆቿ በሳሙና ተላልጠዋል፤ ሀራሙስ ልብስ ታጥብ ነበር። ከዚያ እኔው ባስተማርኳት ፈረንሳይኛ ወደ ዶክተሯ ዞራ «እናቴ ናት» አለቻት።

እናቴ። በእሱ ፊት።

በላይ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፎ ነበር። ግማሽ ፊቱ ወርዷል። አስካለ አፉን ጠረገችለት። የጠረገችበት ጨርቅ ንጹሕ ነበር፤ የታጠበ፣ የተተኮሰ። ያን ጨርቅ ሳየው ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ? ቀናሁ። በዚያ በሚነድ ቆርቆሮ ቤት፣ ባሏ ሽባ በሆነባት፣ ውሃ በጀሪካን በምትሸከም ሴት ቀናሁ። የሚጠረግ አፍ ስላላት ቀናሁ። በላይ ያኔ ቀና ብሎ አየኝ። ማወቁ ዓይኑ ላይ ታየ። ደህነኛውን የአፉን ጎን አንቀሳቅሶ «ፈ… ፈረን…» አለ። ሊጨርሰው አልቻለም። አስካለ ጨረሰችለት።

«ፈረንሳዮችሽ ዛሬ ምን በሉ ነው የሚልሽ!» ብላ ሳቀች። እሱም ሳቀ። በደህነኛው እጁ ጣቷን ይዞ ሳቀ።

ያቺ ቃል የእኔ ነበረች። በዚህ ከተማ ካለኝ ነገር ሁሉ የእኔ የነበረችው እሷ ብቻ ነበረች። እሷንም አስካለ አፍ ውስጥ አገኘኋት።

ልጃቸው ሜሮን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ናት። ዓይኖቿ ከብደዋል፤ ግንባሯ ላይ ያረጀ ጠባሳ፣ በላዩ ደግሞ አዲስ እብጠት አለ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሻሽ ታስሯል፤ ሌላው ጫፍ ጥግ ላይ ካለው አልጋ እግር በችኮላ የተፈታ ነበር። አስካለ ሳየው አየችኝ፤ ቶሎ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ሸፈነችው። ዶክተሯ አላየችም። እኔ ግን አየሁ፤ አይቼም ገባኝ። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ ነበረበት። ጥሎት ሲነሳ ደንግጦ መንገድ ለመንገድ ስለሚሮጥ እናታችን ወደ ገበያ ስትሄድ እንዲሁ በሻሽ ታስረው ነበር። አስካለም ወደ ሥራ ስትሄድ ልጇን አስራ እንደምትሄድ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ከእኔ በቀር እዚያ ቤት ውስጥ ይህን ሊያውቅ የሚችል እንግዳ አልነበረም።

ዶክተሯ በእኔ በኩል ጠየቀች። የቤተሰቡ ጤና እንዴት ነው? የሚረዳችሁ ሰው አለ? አስካለ ባሏን አየችው፣ ልጇን አየቻት፣ እኔን አየችኝ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። «ደህና ነን። ሰው አላጣንም።»

አስተረጎምኩት። አንዲት ቃል አልጨመርኩም፣ አንዲት ቃል አልቀነስኩም። እንደዚያን ቀን በትክክል አስተርጉሜ አላውቅም። ዶክተሯ እንደ ደንባችን ቀና ብላ አየችኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ሳላስበው አይደለም። ሙቀቱ አደንዝዞኝ አይደለም። አስካለ እስክሪብቶው ተቀምጦ፣ ውሃው ተጠጥቶ፣ ጥያቄው ተመልሶ እንደሚመጣ ጠብቃ አፏን ልትከፍት እንደተሰናዳች እያየሁ ነቀነቅኩ። ቃሌን ሳላበላሽ፣ እጄን ሳላነሳ፣ በአንገቴ ብቻ በደልኳት። ባልሽ አለሽ፣ ልጅሽ አለሽ፣ ሳቅሽ አለሽ፣ ጠያቂ ደግሞ ምን ያደርግልሻል አልኩ በልቤ። ዶክተሯ ተነሳች። አስካለ ግራ ተጋብታ ቀረች።

በአንገቴ ብቻ አልኩ? እሱም ውሸት ነው። ወደ መኪናው ስንሄድ ዶክተሯ ቆም አለች።

«ኤዶ፣ ልጅቷ ግን ፊቷ ላይ ድካም የለም?»

«ሙቀት ነው» አልኳት። «በዚህ ቆርቆሮ ሥር ማን ንቁ ይሆናል? ደግሞ የአባቷ ጓደኞች ሾፌሮቹ አይለዩዋቸውም፤ ምንም አልጎደላቸውም።»

ይህን ማንም አልነገረኝም። ከራሴ ፈጠርኩት። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቼ መስኮቱን ከፈትኩ፤ ነፋሱም ደስ አለኝ።

ለእነሱ የሚገባው ጠያቂ ለሌላ ቤት ተሰጠ። ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ቀን ከሀራሙስ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አስካለ ከኋላዬ ጠራችኝ። አብረዋት የተሳፈሩ ልብስ አጣቢ ሴቶች «እትዬ የሺ፣ ለልጅሽ ቦታ ልቀቂላት እንጂ!» እያሉ አጠገቤ አስቀመጧት። ጆሮዬ ላይ ተጠግታ በቀስታ ተናገረች።

«እትዬ፣ ያቺ ዶክተር ትመለሳለች? ያን ቀን ስለ ሜሮን ልነግራት ነበር። በላይ ፊት አፈርኩ። ጎረቤቶቼ ሁለቴ ትጠይቃለች ብለውኝ ስለነበር ሁለተኛውን እየጠበቅኩ ነበር።»

እግዚአብሔር የከፈተልኝ በር ይኸው ነበር። አዎ፣ ነገ አመጣልሻለሁ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ጥናቱ አላለቀም፤ ጠያቂም ሊገኝ ይችል ነበር። እላትም ነበር መሰለኝ። ግን እሷ ቀጠለች።

«ደግሞ ከመጣሽ ወዲህ በላይ ደስ ብሎታል። ስምሽን ይጠራል። አንዳንዴ እየመጣሽ አጫውቺው እንጂ፣ እሺ?»

ባሏን ልታውሰኝ ጀመረች ማለት ነው፤ የእሷ ስለሆነ ታውሰኛለች። ከሞላላት ቤት ትርፍራፊ እንደሚሰጥ ሰው። እንዲህ ነው የሰማሁት። ንጹሕ ልብ ያለው ሰው ሌላ ነገር ይሰማ ነበር።

«ጥናቱ ተዘግቷል» አልኳት። ማቆሚያዬ ሳይደርስ ወረድኩ።

በዚያው ዓመት፣ ነፋሱ አሸዋ ይዞ በሚመጣበት ወቅት፣ አስካለ ሥራ ላይ እያለች ሜሮን ለአባቷ ውሃ ልታሞቅ ከሰል ምድጃው አጠገብ ሄደች። ያን ቀን አልታሰረችም ነበር። እናቷ ሙቀቱ ስለበረታ አዝናላት ፈትታት ነው የወጣችው። እዚያው ጣላት። ቀኝ እጇ ፍሙ ውስጥ ገባ። በላይ ፍራሹ ላይ ሆኖ አየ። መጮህ አቃተው። ያ አንድ ጎኑ የማይታዘዝ ሰው ከፍራሹ ተንከባልሎ፣ በአንድ ክንዱ ራሱን እየሳበ ሄዶ፣ ልጁን በቀሚሷ ይዞ ከእሳቱ አወጣት። ጎረቤት ሲደርስ ሁለቱንም ወለሉ ላይ አገኛቸው። የልጅቷ ጣቶች ተጣበቁ። ሲድኑም እንደተጣበቁ ዳኑ።

ዶክተር ሆዳን ከሐኪም ቤቱ ሰምታ መጣች። ወዲያው ራሷ ይዛት ሄደች፣ አስመረመረቻት፣ መድኃኒት አስጀመረቻት። ጠዋትና ማታ የምትዋጥ ኪኒን ናት። ሜሮንን ከዚያ ወዲህ ጥሏት አያውቅም። ትሰማላችሁ? ያቺ ኪኒን በከተማው ነበረች። የቀረችው በእኔ አንገት ነው።

ዶክተሯ ጠየቀችኝ። የወቀሰችው ራሷን ነበር።

«ኤዶ፣ እንዴት አመለጠን? እቤታቸው ገብተን ነበር እኮ።»

«ደበቁን» አልኳት። «ያገሬ ሰው በሽታ ይደብቃል።»

አመነችኝ። ለምን አታምነኝም? ጥናቱ ሲያልቅ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ሲነገራቸው እኔም ፊት ተቀምጬ ነበር። ዶክተሯ ስደተኛ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሕመም ከጠያቂ እንደሚደብቁ ተናገረች። ሰዎቹ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጻፉት። ከዚያ እኔን አስነስታ፣ ይህ ሥራ ያለ ኤዶ አይሆንም ነበር አለች። ተጨበጨበልኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ እጅ ነሳሁ። የእኔ ቅናት ሄዶ ሄዶ እውቀት ሆነ። በዚያ ጥናት ውስጥ ምንም አልጎደለውም ተብሎ የተጻፈ አንድ ቤተሰብ አለ፤ እኔ ነኝ ያጻፍኩት። ማን ያውቃል፣ ስንት ሰው በዚያ ቃል ስንት ቤት አልፎ ሄዷል? ስንቷ እናት ደብቃ ነው ተብላለች?

በላይ በተከታዩ ዓመት ሞተ። ለቅሶው ላይ አስካለ እጄን ይዛ ከአጠገቧ፣ ከእናት ቦታ አስቀመጠችኝ። ከእሷ አብልጬ ጮኼ አለቀስኩ። ሰዎች ለልጇ አዝና ነው አሉ። እኔ ለራሴ ነበር ያለቀስኩት። ያኔም ቀንቼ ነበር፤ ጥቁር መልበስ የእሷ መብት ስለነበር።

አሁን አርጅቻለሁ። ስኳር አለብኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ አይወጣም። አስካለ አሁንም ወደ እኔ ትመጣለች። ሜሮን አድጋ ትምህርቷን ጨርሳ አንድ የመድኃኒት መደብር ውስጥ ትሠራለች። በግራ እጇ ትጽፋለች። እማማ የሺ እያለች የስኳሬን መድኃኒት ታመጣልኛለች።

«እማማ፣ ትናንት ስኳር በሻይ ጠጥተዋል አይደል?»

«አልጠጣሁም።»

«ብርጭቆው ሥር ያለው አሸዋ ነው እንግዲህ!» ብላ ትስቃለች። በተጣበቁት ጣቶቿ ብርጭቆውን አንስታ ታሳየኛለች። የምትስቀው እንደ አባቷ ነው።

በቅርቡ አስካለ ብቻዋን መጣች። እግሬን በለብታ ውሃ እያጠበችልኝ፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

«እትዬ፣ ያን ቀን ራስሽን ስትነቀንቂ አይቼሻለሁ።»

እግሬን ከውሃው ሳብ አደረግኩ። ምን ያለፈ ነገር ታነሻለሽ ልላት አፌን ከፈትኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልዋሽ ነበር። እሷ ቀጠለች።

«ጎረቤቶቼ ነግረውኝ ነበር። ዝም ካለች ይጠይቁሻል፣ ከነቀነቀች ይሄዳሉ ብለውኝ ነበር። ለምን እንደነቀነቅሽም አውቃለሁ። በላይን ትወጂው እንደነበር ከማግባቴ በፊት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። ይቅርታ አላልኩም። ለምን ዝም አልሽ ነው ያልኳት፤ እንደ ከሳሽ።

«መጀመሪያ ልገልሽ አስቤ ነበር» አለች። የምትቀልድ አልመሰለኝም። «ከዚያ ደግሞ ማን አለኝ አልኩ። እዚህ ከተማ ውስጥ እትዬ የምለው ሌላ ሰው አልነበረኝም። ሜሮንም አያት ብላ የምታውቀው አንቺን ነው። እኔ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። አንቺ ግን ንገሪያት። ሳትሞቺ ንገሪያት።»

እግሬን በፎጣ አደረቀችልኝና ሄደች።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ልቤ ተሰበረ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። መጀመሪያ የተሰማኝን ልንገራችሁ፤ እውነቱ ይህ ነው። ተናደድኩ። ያን ሁሉ ዓመት አውቃ፣ አውቃም እግሬን አጥባ፣ በዚህም በለጠችኝ። በባልም፣ በልጅም፣ በትዕግሥትም። የቀናሁባት ሳያንስ በጥሩነቷም ቀናሁባት። ይህ ልብ ነው ያለኝ። ሌላ ልብ የለኝም።

ወንድ ቢኖረኝ፣ ልጅ ቢኖረኝ፣ ማዳሟ በሰው ወግ ብትሰናበተኝ ኖሮ እንዲህ አልሆንም ነበር ልል እችላለሁ። አልልም። ልጅና ባል የሌላቸው፣ የተጣሉና የተረሱ ሴቶች በዚህ ከተማ ሞልተዋል፤ የሰው ልጅ እጅ ሲቃጠል ዝም አላሉም። ያደረግኩት ስላመመኝ አይደለም። ስለቻልኩ ነው። ሥልጣኑ በእጄ ስለነበረ፣ ማንም እንደማይጠይቀኝ ስላወቅኩ ነው።

ይህን ለሜሮን እንድታሰሙልኝ ብዬ የጻፍኩት እንዳይመስላችሁ። ሜሮን እዚህ ተወልዳ፣ በፈረንሳይኛ ተምራ ነው ያደገችው። አማርኛ ትናገራለች፤ ፊደላችንን ግን አትለይም። እኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ አሳምሬ እጽፋለሁ። እሷ በምታነበው ቋንቋ መጻፍ እችል ነበር። ዛሬ ከሰዓት መድኃኒቴን ይዛ ትመጣለች፤ ይህ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ብታየው እንኳ «እማማ፣ ምን እየጻፉ ነው?» ትለኛለች እንጂ አታነበውም። ይህን አውቄ ነው በአማርኛ የጻፍኩት። ለእናንተ ለማታውቁኝ ነገርኳችሁ፤ ጣቶቿ ለተጣበቁባት ግን አልነገርኳትም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይህንንም ከበደሌ ጋር ቁጠሩት።